ፍሪሲዮኑ አልለቅ ሲል ጥፋቱ የማን ነው?

«ወረቀት የሚጽፍ ሰው የመኪናን ሆድ ዕቃ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ተማሪው «የእኔ ትምህርት ሌላ ነው» ይላል። አዲስ የተቀጠረው የመንግሥት ሠራተኛም «ሥራዬ መዝገብ መያዝ ነውና መኪናውን መካኒክ ይየው» ብሎ ይመልሳል። አነጋገሩ ሲሰሙት ደኅና ይመስላል። ነገር ግን አንባቢዎች ሆይ፣ መለዋወጫ ዕቃ ይገዛ ተብሎ ወረቀት ሲመጣ የሚፈርመው ማን ነው? ሹፌሩ አጠፋ፣ መካኒኩ አበላሸ ሲባል ቃል ተቀብሎ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውስ ማን ነው? ይኸው «ሥራዬ መዝገብ ነው» ያለው ሰው አይደለምን? እንግዲህ በማያውቀው ነገር የሚፈርም ሰው፣ እጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፣ የሌላውን ደመወዝ ሊያስቆርጥና የብዙ ሰው ገንዘብ ሊያባክን ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን አንድ የመኪና ሕመም ይዘን መነሻውን ደረጃ በደረጃ እንፈልጋለን፤ ይህንንም የምናደርገው መካኒክ ለመሆን ሳይሆን ደኅና ጠያቂ ለመሆን ነው።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በስፍራ እናቁመው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅንና ውጫሌን አልፈው ሲሄዱ፣ መርሳ ሳይደርሱ፣ በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ውርጌሳ የምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ትገኛለች። በዚች ከተማ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት የሆነ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል እንበል። ዓይነቱ አገራችን «ኤንትሬ» እያለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። ሞተሩ ገና ብርቱ ነው። ካምቢዮው ግን ጥርሱ ተሰብሮ ስለ ነበር፣ ከሌላ ከተፈታ መኪና ላይ ካምቢዮ ተነቅሎ ተገጠመለት። ሥራው አልቆ ሞተሩ ሲነሣ አዲስ ጉድ መጣ። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጠው ማርሽ ለማስገባት ሲሞክሩ ካምቢዮው እንደ ደረቀ ወፍጮ ይጮኻል፤ ማርሹም አይገባም። መኪናውን የሚጠብቀው ጭነት የመርሳ ብርቱካንና ፓፓያ ነው። ብርቱካንና ፓፓያ ደግሞ የመካኒክን ቀጠሮ አይጠብቅም።

እናንተም ነገሩን አጣርታችሁ እንድትጽፉ ከመሥሪያ ቤታችሁ ተልካችሁ ደረሳችሁ። ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ይነግሩአችኋል። በዕድሜ የገፉት ሹፌር «ልጄ፣ እኔ ይህን መንገድ ከአንተ ዕድሜ በላይ ነድቼዋለሁ፤ ካምቢዮውን ሲገጥሙት ነው ያበላሹት» ይላሉ። ወጣቱ መካኒክ በበኩሉ «ጋሼ፣ እኔ ቡሎኑን አንድ ሳላስቀር አጥብቄአለሁ፤ ነገሩ ያለው አረጋገጥዎ ላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ዕቃ ሻጩም ከሱቁ ብቅ ብሎ «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ሸራው አልቋል፤ አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ግዙና ተገላገሉ» ይላል። ዙሪያውን የቆመው ሰውም እንደ አገሩ ልማድ «አብሽር፣ ይሄዳል» እያለ ያጽናናል። የወሎ «አብሽር» ለሰው ልብ መድኃኒት ነው፤ ማርሽ ግን በአብሽር አይገባም። እስክሪብቶው ያለው በእናንተ እጅ ነው። ምን ትጽፋላችሁ?

ከመጻፋችሁ በፊት ስለ መኪናው ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የጣሊያን ከባድ የጭነት መኪና ከአገራችን መንገድ ጋር የተዋወቀው ከወረራው ዘመን ጀምሮ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 መሠራት የጀመረው ፊያት 634፣ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ጋር መጥቶ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚል ስም ተሰጠው። ኤንትሬ የሚገኝበት የ682 ዘር ደግሞ በዚያው አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1988 ድረስ ተሠርቷል። የጋራዣችን ቋንቋ እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ የተመላው ከዚሁ የተነሣ ነው። «ፍሪሲዮን» ማለት መፋተግ ማለት ነው። «ካምቢዮ» ማለት መለወጫ፣ «ማርሽ» ማለት ደግሞ አካሄድ ማለት ነው። እንዲህ የቃላቱ ትርጉም ሲታወቅ የሥራው ምስጢር ግማሹ ይገለጣል።

ፋብሪካው 682ን መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ ከተፈታው መኪና ነቅሎ ለሚሠራው መግጠም የተለመደ ብልኃት ሆኗል። ብልኃቱም የሚነቀፍ አይደለም፤ ብዙ አባወራ በእርሱ ልጆቹን አሳድጓል። ይሁን እንጂ ወንድማማች መኪናዎች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በአንድ ዓመት የተሠራው ካምቢዮ በሌላ ዓመት ከተሠራው በዘንግ ውፍረት፣ በርዝመት ወይም በጥርስ ቁጥር ሊለይ ይችላል። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን ዓይን አያየውም፤ ብረት ግን ያውቀዋል።

አሁን ፍሪሲዮን ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በሞተሩ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ፤ ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ እርሱም ይዞራል። ከቮላኖው ቀጥሎ በሁለቱም ፊቱ ሸራ የተለበጠ ቀጭን ሳሕን ይገኛል፤ ይህም በመካከሉ ባሉት ጥርሶች በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ተሰክቷል። ከሳሕኑ በስተኋላ በብርቱ ሞላዎች የሚገፋ ተጫኝ ብረት አለ። ነገሩን ለመረዳት ሁለት መዳፎቻችሁ መካከል አንድ መጽሐፍ ያዙ። መዳፎቻችሁን አጥብቃችሁ ብታዞሩ መጽሐፉ አብሮ ይዞራል፤ ጥቂት ብታላሉ ግን መዳፋችሁ ሲዞር መጽሐፉ ይቀራል። ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ ኩሽኔታ ወደ ፊት ይገፋና ሞላዎቹን ያሸንፋል፤ ተጫኙ ብረትም ይሸሻል፤ ሸራውም ነጻ ይወጣል። ይህ የነጻነት ክፍተት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህን አስታውሱ፤ የዛሬው ጉዳያችን ሁሉ የሚያርፈው በዚች ጠባብ ክፍተት ላይ ነው።

የፍሪሲዮን ሕመም በሦስት ይከፈላል። አንደኛው መንሸራተት ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፣ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ሁለተኛው አለመልቀቅ ነው፤ ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ሞተሩና ካምቢዮው አይለያዩም፣ ማርሽም ይጮኻል። ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ መኪናው ሲነሣ እንደ ወባ በሽተኛ ይርዳል። አሁን ወደ ዕቃ ሻጩ ቃል ተመለሱና መዝኑት። ያለቀ ሸራ የሚያመጣው ሕመም የመጀመሪያውን ነው፤ ሸራ ሲያልቅ ይሳሳል፣ የሳሳም ነገር ይንሸራተታል እንጂ ተጣብቆ አልለቅም አይልም። የውርጌሳው መኪና ግን የታመመው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ገና አንድ ቡሎን ሳይፈታ «ሸራው አልቋል» የሚለው ቃል ተጠራጣሪ ያደርገናል። ሻጩ ውሸታም ነው ማለታችን አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሕመምን የሚተረጕመው በእጁ ባለው መድኃኒት ልክ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። «ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ያልሠራው፣ በመካከሉ ምን ስለ ተለወጠ ነው?» የሚለው ነው። ካምቢዮው ከመለወጡ በፊት ፍሪሲዮኑ ይለቅ እንደ ነበረ ሹፌሩም መካኒኩም ይስማማሉ። እንግዲያስ ጥፋቱን መፈለግ ያለብን ካምቢዮው ሲለወጥ በተነኩት ነገሮች ውስጥ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የሚመጣው ይህን ጥያቄ ከመዝለል ነው።

ፍለጋው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማይጠይቀው ወደ ውዱ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን በየተራ ለማስገባት ሞክሩ። ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ እንቢ ቢል መኪናውን ጥቂት ነቅነቅ አድርጎ እንደገና መሞከር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ የሚገቡ ከሆነ፣ የማርሽ ዱላውና የካምቢዮው ውስጥ በዚህ ነገር አይጠረጠሩም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ማርሹ ባዶ ላይ እንዳለ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጡና አሥር ያህል ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ ለማስገባት ይሞክሩ። ፍሪሲዮኑ በእርግጥ ከለቀቀ፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ የሚያዞረው ስለሚያጣ፣ በዘይቱ ክብደት ቀስ እያለ ይቆማል፤ ማርሹም በጸጥታ ይገባል። አሥር ሴኮንድ ቆይቶም የሚጮኽ ከሆነ ግን ዘንጉን አሁንም የሚያዞረው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ሙከራ በሹፌሩና በመካኒኩ መካከል የመጀመሪያው ዳኛ ነው። ምክንያቱም በብዙ አሮጌ ካምቢዮዎች ውስጥ የማርሾቹን ፍጥነት አስቀድሞ የሚያስተካክል ቀለበት የለም። እንዲህ ባለው ካምቢዮ ሹፌሩ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ መርገጥ አለበት፤ ረግጦ ማርሹን ባዶ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ወደ ታች ማርሽ የሚወርድ ከሆነ ነዳጅ ጥቂት ይሰጣል፣ እንደገና ረግጦ ያስገባል። ይህን ያልለመደ ሹፌር በጉዞ ላይ ጤነኛውን ካምቢዮ ያስጮኸዋል፤ ስለዚህ የመካኒኩ ጥርጣሬ በባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን መኪናው ቆሞ፣ ፔዳሉ ተረግጦ፣ አሥር ሴኮንድ ተጠብቆም የሚጮኽ ከሆነ፣ እግር ሊከሰስ አይችልም። በውርጌሳው መኪና ይህ ሆነ እንበል፤ ሽማግሌው ሹፌር ነጻ ወጡ።

ሦስተኛ፣ በሜትር መለካት ይጀመራል። ፔዳሉ በእጅ ሲገፋ ብርቱው ሞላ ሳይሰማ ጥቂት ባዶ ሊሄድ ይገባዋል፤ በአሮጌ ከባድ መኪናዎች ይህ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባዶው ጉዞ ጨርሶ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ የፔዳሉ ጉዞ በከንቱ ያልቅና ሸራው አይለቅም። ይህ በአንድ ዳዶ ማጥበቅና ማላላት የሚስተካከል ስለ ሆነ፣ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት መታየት አለበት።

አራተኛ፣ የእግር ግፊት ወደ ታች እንዴት እንደሚደርስ ተመልከቱ። በዘንግና በማንሻ የሚሠራ ከሆነ፣ አዲሱ ካምቢዮ ይዞት የመጣው ማንሻ ከቀድሞው ጋር እኩል መሆኑን አመሳክሩ። ማንሻው ቢያጥር ወይም ቢረዝም ገፊው ኩሽኔታ የሚሄደው መንገድ ይለወጣልና። በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ አየር እንዳይኖር አስወጡ። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ካሻሻለ አየር አለ ማለት ነው። ቀጥሎም የላይኛውና የታችኛው ፖምፓ ስፋት ይታይ። እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። የላይኛው ፖምፓ 22 ሚሊ ሜትር፣ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር የመጣው የታችኛው 28 ሚሊ ሜትር ይሁን። 22 በ22 ሲባዛ 484፣ 28 በ28 ሲባዛ 784 ይሆናል። 484 ለ784 ሲካፈል 0.62 ያህል ነው። ስለዚህ የላይኛው 30 ሚሊ ሜትር ሲገፋ የታችኛው የሚሄደው 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል። ሁለቱ እኩል በነበሩ ጊዜ 30 ይሄድ የነበረው ከሲሶው በላይ ጠፋ ማለት ነው። ፔዳሉ ለእግር ይቀላል፣ ሹፌሩም «ተሻለው» ይላሉ፤ ነገር ግን ሸራው አይለቅም። እንግዲህ በትምህርት ቤት የክብ ስፋት ማስላት የተማረ ልጅ፣ ዐሥር ዓመት በሥራ ላይ የቆየውን ሰው በዚህ ሊረዳው ይችላል።

አምስተኛ፣ ካምቢዮውና ሞተሩ በሚገናኙበት ቤት ሥር ብዙውን ጊዜ የሚከፈት መስኮት አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፋችሁ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይቆይ፤ በመስኮቱ በመብራት ተመልከቱ። ገፊው ኩሽኔታ ይሄዳል? ተጫኙ ብረት ይሸሻል? በሸራውና በቮላኖው መካከል ቀጭን ልሙጥ ብረት ይገባል? ኩሽኔታው በሚገባ የማይሄድ ከሆነ ጥፋቱ ከውጭ ነውና ወደ አራተኛው ተመለሱ። ኩሽኔታው ሄዶ፣ ተጫኙም ሸሽቶ፣ ሸራው ግን ከቮላኖው አልላቀቅ ካለ፣ ወይ ሳሕኑ ጠምሟል፣ ወይ ተገልብጦ ገብቷል፣ ወይ ጥርሱ ከዘንጉ ጥርስ ጋር ስላልተስማማ አይንሸራተትም።

ስለ መጥመም አንድ ነገር እንናገር። ከባድ ካምቢዮ ሲገጠም ዘንጉ በሳሕኑ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ሠራተኛው ደክሞት ካምቢዮውን በዚያው በዘንጉ አንጠልጥሎ ጥቂት ቢያርፍ፣ ክብደቱ ሁሉ በቀጭኑ ሳሕን ላይ ይወድቃል። ሳሕኑ አንድ ሚሊ ሜትር ቢጠምም፣ ከላይ አስታውሱ ያልነው ጠባብ ክፍተት ይበላል። ስለዚህ ካምቢዮ በክሪክ ወይም በሰንሰለት ተደግፎ እኩል መግባት አለበት፤ ለሰውም ለዕቃም ደኅንነቱ ይህ ነው። የገጠመው ቤት ከሞተሩ መካከለኛ መሥመር ቢዛነፍም ተመሳሳይ ችግር ይመጣል፤ የዚህ ልክ የሚቆጠረው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ስለ ሆነ፣ በዓይን ሳይሆን በመለኪያ ነው የሚታወቀው።

አሁን የመጨረሻው ይቀራል። መስኮቱ ተከፍቶ ሲታይ ኩሽኔታው ይሄዳል፣ ተጫኙ ይሸሻል፣ ሸራው ነጻ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ዘንጉ አሁንም ይዞራል እንበል። እንግዲህ ዘንጉን ማን ያዞረዋል? መልሱ በማይታየው ስፍራ ነው። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ጫፍ በቮላኖው እምብርት ውስጥ ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ይህች ኩሽኔታ ጤነኛ ስትሆን ሞተሩ ሲዞር ዘንጉን ሳታስከትል ትይዘዋለች። ደርቃ ከነከሰች ግን ሸራው ቢለቅም እርሷ አትለቅም፤ በኋላ በር ሞተሩንና ካምቢዮውን ታገናኛቸዋለች።

የውርጌሳው መኪና ሕመም ይህ ነበር እንበል። ካምቢዮው ሲወርድ የአዲሱ ዘንግ ጫፍ ከቀድሞው በጥቂት ይወፍራል። ሲገጠም ወደ ስፍራው አልገባ ስላለ ዙሪያውን በቡሎን እየሳቡ በግድ አስገቡት፤ ትንሿ ኩሽኔታም ተጨፍልቃ ደረቀች። መድኃኒቱ አዲስ ሸራ አልነበረም፤ የዘንጉን ጫፍ ለክቶ ልኩ የሆነ ኩሽኔታ ማስገባት ነበር። አዲስ ሸራ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ካምቢዮው ወርዶ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተገጥሞ፣ በማግሥቱ ያው ጩኸት ይሰማ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ለሚገኙ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በአሮጌ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አዝቤስቶስ የሚባል ነገር ይገኛል፤ ብናኙ በዓመታት ውስጥ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲከፈት ብናኙን በአፍ ወይም በአየር ግፊት እፍ ማለት አይገባም፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ነው። እንደዚሁም በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ስለ አንድ የማርሽ ጩኸት ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሹፌሩ «ግድ የለም፣ እንደ ምንም አስገብቼ እሄዳለሁ» ብለው ቢነሡ ምን እንደሚሆን አስቡ። ከወልድያ በስተ ሰሜን ያለውን የአላማጣንና የኮረምን መንገድ ውሰዱ። አላማጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ያህል፣ ኮረም 2500 ሜትር ያህል ላይ ናቸው። ከነጭነቱ 15 ቶን የሚመዝን መኪና ከላይ ወደ ታች 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 147 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ሁለት በርሜል፣ ማለት 400 ሊትር፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ሞተሩ ይሸከማል። ማርሹ ከወጣና አልገባ ካለ ግን ሁሉም በፍሬኑ ሸራ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻም አይዝም። እንግዲህ የማይለቅ ፍሪሲዮን በሜዳ ላይ ጩኸት ነው፤ በቁልቁለት ላይ ግን የሰው ሕይወት ነው። በዚያ መንገድ ጠርዝ የሚሄዱት ተማሪዎች፣ ገበያ የሚወጡት እናቶች ይህን ሒሳብ አያውቁም፤ እዳውን ግን ሊከፍሉ ይችላሉ።

የቆመ መኪናም የራሱ እዳ አለው። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን፣ የእርዳታ እህል በአሰብ ወደብ እየተከማቸ ሳለ፣ ወደ መሐል አገር የሚያመጣው የጭነት መኪና ማነስ አንዱ ትልቅ እንቅፋት ነበር። ወሎ ይህን አይረሳም። በመንገድ ዳር ያለ ምክንያት አንድ ሳምንት የቆመ መኪና በመዝገብ ላይ አንዲት መሥመር ናት፤ በመንገዱ መጨረሻ ለሚጠብቀው ሰው ግን አንድ ሳምንት ነው። ስለዚህ ጠያቂው ሁለት ፍርሃት ይዞ መሄድ አለበት፤ የማይሄደውን እንዳይለቅ፣ የሚሄደውንም እንዳያቆም።

አሁን ወደ እስክሪብቶው እንመለስ። ቃለ ጉባኤው «መኪናው ተበላሽቷል፣ ሸራ ይገዛለት» የሚል አይሁን። ምን እንደ ተለወጠ ይጻፍ፤ ካምቢዮው ከየት ዓይነት መኪና እንደ መጣ ይጻፍ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ መግባቱ፣ ሞተሩ ሲሠራ በስንት ሴኮንድ እንደ ተሞከረ፣ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ በሳንቲ ሜትር፣ የዘንጉ ጫፍና የኩሽኔታው ቀዳዳ በሚሊ ሜትር፣ በመስኮቱ የታየው ሁሉ በየተራ ይጻፍ። ሹፌሩና መካኒኩ አብረው ቆመው ይዩና አብረው ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ዕቃ ስም በራሱ ይመጣል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሌላም ጥቅም አለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ካምቢዮ የሚለውጥ ሰው አንብቦ አስቀድሞ ይለካል።

«ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን ነበር የጀመርነው። ሹፌሩ በሙከራው ነጻ ወጥተዋል። መካኒኩ ቡሎኑን ማጥበቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልገባውን በግድ ከመሳቡ በፊት «ለምን አልገባም?» ብሎ መለካት ነበረበት። ይህ ጉድለት በቅጣት ሳይሆን በአንዲት መለኪያና በጥቂት ትምህርት ይታረማል። ልጁ ብርቱ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ ተቆርጦ ተስፋ ከሚቆርጥ፣ ኩሽኔታውን ራሱ ለክቶ ራሱ ቢገጥም ሁለተኛ አይስተውም። ሻጩም ልኩ የሆነውን ኩሽኔታ ቢያቀርብ ገንዘቡን በሐቅ ያገኛል።

አንባቢዎች ሆይ፣ በሥራ ዘመናችሁ ፍሪሲዮን ያልሆኑ ብዙ የማይለቁ ነገሮች ያጋጥሙአችኋል፤ የማይሄድ ፋይል፣ የማይከፈት መጋዘን፣ የማይደርስ ደብዳቤ። በዚያን ጊዜም በመጀመሪያ የሚታየው ሰው እንዲቀጣ፣ በመጀመሪያ የተጠራው ዕቃ እንዲገዛ አትቸኵሉ። ምን እንደ ተለወጠ ጠይቁ፤ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው፣ ከሚታየው ወደማይታየው ሂዱ፤ የሚለካውን ለኩ፤ ከዚያ ፈርሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።